ተሳፋሪው አጥናፉ

አጥናፉ በሠላሳ ሰባት ዓመት የሹፌርነት ዘመኑ መሪ በሌለበት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ በገዛ ሠርጉ ቀን ነው። ሙሽራ ሆኖ ከኋላ ተቀምጦ፣ «ፍሬቻ አብራ እንጂ! ምን ዓይነት ሰው ነህ?» እያለ ሙሽሪት ቤት እስኪደርሱ ሹፌሩን ሲጨቀጭቅ ሄደ። ሁለተኛው ትርፍ አንጀቱን ታሞ አምቡላንስ የወሰደው ጊዜ ነው። ያኔም ቢሆን ተንጋሎ በእግሩ አየር ላይ ፍሬን ሲረግጥ እንደነበር ሚስቱ ሙሉመቤት እስከ ዛሬ ትምላለች። እሱም አይክድም። «ኩርባው ላይ በሦስተኛ ማርሽ ገባብኝ እኮ!» ይላል።

የቂርቆስ ልጅ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተወልዶ፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት ተያይቶ በሚቀመጥባቸው በእነዚያ የድሮ ውይይት ታክሲዎች ጀምሮ፣ ኋላ የራሱን ሚኒባስ ገዝቶ፣ ቂርቆስን ከካዛንቺስ ሲያገናኝ የኖረ ሰው ነው። ኦሎምፒያ ላይ የትኛው ጉድጓድ በየትኛው ክረምት እንደተከፈተ ይነግራችኋል። ችግሩ ካዛንቺስ ነው። ካዛንቺስ እንደ ድሮው አልቀመጥ አለች። ዛሬ ሥጋ ቤት የነበረው ነገ ይፈርስና ከነገ ወዲያ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ይቆምበታል። አጥናፉ ግን የሚታጠፈው ሥጋ ቤቱ ጋ ነው። ሥጋ ቤቱ ፈርሶም የሚታጠፈው ሥጋ ቤቱ ጋ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አሥራ አንድ ሰው እንደጫነ ታጥፎ፣ ቀጥ ብሎ አንድ አዲስ ሆቴል ግቢ ገባላችሁ። ዘበኛው ለስብሰባ የመጡ እንግዶች መስለውት በሩን በርግዶ ሰላምታ ሰጠ። ተሳፋሪዎቹ «ወራጅ አለ!» ብለው ቀይ ምንጣፍ ላይ ወረዱ፣ አንዲቱ ሴትዮማ ዘንቢሏን ለአስተናጋጁ አስይዛ ነው የወጣችው። አጥናፉ ግን ወይ ፍንክች! «ሕንፃው ነው የተሳሳተው እንጂ እኔ አልተሳሳትኩም» አለ። ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሳቀበት። ስለ ዓይኑ ያሰበ ግን አንድ ሰው አልነበረም፣ እሱም ጭምር።

ልጁ ራሄል አንድ ናት። ነርስ ናት፣ ከስምንት ዓመት በፊት ናይሮቢ ሥራ አግኝታ ሄደች። የሞያሌውን አውቶብስ ልትሳፈር ስትል አጥናፉ አንገቷን አቅፎ ቃል ገባላት። «የምታገቢ ቀን እኔው ራሴ ነድቼ እመጣለሁ። በርሽ ላይ ቆሜ ክላክስ ስነፋ ትሰሚኛለሽ።» በአውሮፕላን ይመጣል ብሎ ያሰበ ማንም የለም። አጥናፉ አውሮፕላን ይፈራል፣ «ሹፌሩን የማላየው ነገር ውስጥ አልገባም» ብሎ ከጨረሰ ቆይቷል።

እና በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ ራሄል ደወለች። ሠርጉ ግንቦት ላይ ናይሮቢ ነው።

«አባዬ፣ ቃልህን አልረሳህም አይደል?»

«እኔ? ሞተሩን አስነስቼ ነው የማወራሽ» አላት። የተኛበት አልጋ ላይ ሆኖ ነው እንዲህ ያለው።

ሙሉመቤትን ጨምሮ ከሰፈር አሥር ሰው ለሠርጉ ተመረጠ። ከአሥሩ አንዱ ጋሽ ኃይለገብርኤል ናቸው። እኚህ ሰው ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አርባ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፣ ማኅተም የሌለበት ወረቀት ካዩ ያማቸዋል። የጉዞውን ሕጋዊ ጉዳይ ማንም ሳይጠይቃቸው ተረከቡት። በሦስተኛው ቀን ወፍራም ክላሴር ታቅፈው አጥናፉ ቤት መጡ።

«ቦሎዬ አላለፈም፣ ሊብሬዬ በስሜ፣ ምን ቀረ ታዲያ?» አለ አጥናፉ ገና ሳይቀመጡ።

«ምን ቀረ? ናይሮቢ ሳሪስ መሰለህ እንዴ?» ጋሽ ኃይለገብርኤል መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አስተካከሉ። «መጀመሪያ፣ ታክሲ ነህና ከከተማ ለመውጣት ልዩ ፈቃድ። ከዚያ ድንበር የሚሻገር ኢንሹራንስ፣ እሱ ቢጫ ካርድ ነው። ለሰው ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፣ እሱም ቢጫ ነው።»

«መኪናዋን ነው ወይስ ሙሉመቤትን ነው የምናስከትበው?»

«አትቀልድ! ከዚያ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥን። የተሳፋሪ ዝርዝር በስምና በፓስፖርት ቁጥር። አሥራ ሁለት ወንበር፣ አሥራ ሁለት ሰው። ጠጋ ጠጋ በሉ ብሎ ነገር የለም!»

«ጋሼ፣ እኔ በዚህች መኪና አሥራ ስድስት ሰው ጭኛለሁ።»

«ኢንሹራንሱ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሦስተኛው ቢሞት አያለቅስለትም።»

ሹፌሩ አንድ፣ እንግዳው አሥር፣ አሥራ አንድ ሆኑ። የቀረውን አንድ ወንበር፣ ያውም የጋቢናውን የቀኝ መስኮት፣ ሙሉመቤት ማንም ሳይቀድማት ለበርበሬው ያዘችው። አንድ ጆንያ ሙሉ የሠርግ በርበሬ ከኋላ ተጭኖ ሲረገጥ ማየት አልፈልግም አለች፣ በቃ።

«የሹፌሩ ደግሞ» አሉ ጋሽ ኃይለገብርኤል ወረቀት እየገለበጡ፣ «ውጭ አገር የሚሠራ መንጃ ፈቃድ ወረቀት፣ ለእሱም አዲስ የጤና ምርመራ። እና አትርሳ፣ እዚያ አገር የሚነዳው በግራ በኩል ነው። የእነሱ መኪና መሪውም በቀኝ ነው።»

አጥናፉ ይኼን ሲሰማ ትንሽ ደንገጥ አለ። ግን ለማን ብሎ ያሳየዋል? በማግስቱ ግራ መያዝ ልልመድ ብሎ በግራ መራመድ ጀመረ። ደምበል ሕንፃ ጋ ከፊት ለፊቱ ከሚመጣው ሕዝብ ሁሉ ጋር ሲላተም ዋለ። አንዲት ሴት ትከሻዋን እያሻሸች «አባቴ፣ አያዩም እንዴ?» ብትለው፣ «ናይሮቢ ልሄድ ነው» ብሎ መለሰላት። ሴትየዋ አማትባ አለፈች።

ከፋሲካ በኋላ ለምርመራው ካዛንቺስ ያለ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ውጭ አግዳሚው ላይ ሹፌር በሹፌር ነው። ሹፌር ደግሞ ተደራጅቶ ይኖራል። ትራፊክ የቆመበትን በመብራት ብልጭታ እንደሚነጋገረው፣ እዚህም ከውስጥ የወጣው ላልገባው ይነግራል። ሰሌዳው ላይ ያሉት ሦስት ጣት የሚመስሉ ምልክቶች ናቸው፣ ጣቶቹ ወደ የት እንደሚያመለክቱ መናገር ነው። «ከታች ያለችው መስመር አስቸጋሪ ናት» አለው አንዱ የሲኖትራክ ሹፌር፣ «ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ። ያዝካት?» አጥናፉ ያዛት። ተራው እስኪደርስ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደገማት፣ ያዩት ሁሉ ጸሎት የሚያደርስ መሰላቸው።

የዓይን ሐኪሟ ዶክተር ሰብሪና ትባላለች። ፈገግታዋ ደግ ነው፣ እጇ ግን ቶሎ አይፈርምም።

«ይቀመጡ ጋሼ። ግራ ዓይንዎን ይሸፍኑልኝ።»

ሸፈነ። ደረቱን ነፋ አደረገና በአንድ ትንፋሽ ለቀቀው። «ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች፣ ግራ፣ ላይ!»



«ጋሼ» አለች ዶክተሯ ቀስ ብላ፣ «ሰሌዳውን እኮ ገና አልሰቀልኩትም።»

«ታዲያ ያ ነጩ ምንድነው?»

«እሱ የኔ ጋውን ነው። በሩ ላይ የሰቀልኩት።»

ሰሌዳው ሲሰቀል የባሰ ሆነ። በግራ ዓይኑ ትልልቆቹን ለየ፣ በቀኙ ሰሌዳው ያለበትን ግድግዳ ለማግኘት ራሱ ጊዜ ወሰደበት። ዶክተር ሰብሪና ከበድ ያለ የብረት መነጽር ፊቱ ላይ አድርጋ መስታወት ስትለዋውጥለት ቆየችና «እስቲ በመስኮቱ ወደ ውጭ ይዩ» አለችው።

አየ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ቅጠል!» አለ። «ያ ዛፍ… ቅጠሉ ለየብቻው ነው እንዴ?»

ዞር ዞር አለ። ታፔላ አነበበ፣ ሰው አየ፣ ፎቅ ላይ የተሰጣ ካልሲ ሳይቀር አየ። ደስታው ፈነቀለው። ከዚያ መንገዱ ማዶ የቆመች ሚኒባስ ላይ ዓይኑ ዐረፈ።

«ምስኪን! ያቺ መኪና የማን ናት? ቀኝ ጎኗን ከላይ እስከ ታች ማን እንዲህ ፋቃት? የሰው ንብረት አይደለም እንዴ? እንዲህ ያለውን ሰው መንጃ ፈቃድ…» ታርጋዋን አነበበ። ደግሞ አነበበ። የብረቱን መነጽር አውልቆ ወንበሩ ላይ ተመለሰ።

«ቀኝ ዓይንዎ ላይ ሞራ አለ» አለችው ዶክተሯ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ። «በኦፕሬሽን ይነሳል፣ ከዚያ ጥቂት ወራት ይጠብቃሉ። ግራው በመነጽር ይስተካከላል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይደርስልዎታል። እስከዚያ ግን ሰው ጭነው እንዲነዱ ልፈርምልዎ አልችልም።»

«የልጄ ሠርግ እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው!»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለች፣ ከልቧ ነው ያለችው። ብዕሯን ግን አላነሳችም።

አጥናፉ ሐሞቱ ፈሶ ወጣ። በሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ አንድ ሰውዬ ጠጋ አለው። «ፋዘር፣ አልፈረመችም አይደል? አትጨናነቅ፣ እኔ አለሁ። የኔ ማኅተም ከሷ ይበልጥ ያምራል፣ ማለቴ፣ ጥራቱ።» ፈጣሪ ይቅር ይበለውና፣ አጥናፉ ተቀበለ። ስምንት ዓመት በሆዱ የያዛት ቃል ናት፣ በአንድ ወረቀት ልትቀር? ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ ሞተር አስነሳ።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያለው ኩርባ ላይ ሲደርስ፣ በቀኝ በኩል አንድ ጥቁር ጥላ ነገር ታየው። የዛፍ ጥላ መሰለው። ሁለት ሜትር ሲቀረው ጥላው እግር አወጣ። አጥናፉ ፍሬኑ ላይ በሁለት እግሩ ቆመ። መኪናዋ ጮኸች፣ ተንሸራተተች፣ ቆመች። ከመኪናዋ አፍንጫ አንድ ስንዝር ርቀው፣ ጥቁር ጃንጥላ የዘረጉት ጋሽ ኃይለገብርኤል ክላሴራቸውን እንዳቀፉ ቀና አሉ።

«እግዜር ይስጥህ! ልታሳፍረኝ ነው አይደል? እኔም ወደ አንተው ነበር የምመጣው» ብለው በሩን ከፍተው ጋቢና ገቡ። ምንም የጠረጠሩት ነገር የለም። እንዲያውም ደስታቸው ወሰን የለውም። «አለቀ! የተሳፋሪው ዝርዝር አለቀ። ስማ ልጄ። ሹፌር፣ አጥናፉ። ተሳፋሪ አንድ፣ ሙሉመቤት። ተሳፋሪ ሁለት፣ ኃይለገብርኤል፣ እኔ ነኝ…»

አጥናፉ ስሞቹን አንድ በአንድ ሰማቸው። ሁሉም የሚያውቃቸው፣ ሰርክ ደጁን የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። ሞተሩን አጠፋ። የደረት ኪሱን ወረቀት አውጥቶ ሰጣቸው።

ጋሽ ኃይለገብርኤል ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት። «ይኼ ፎርጅድ ነው» አሉ ወዲያው። «በአርባ ዓመት እንዲህ ጥርት ብሎ የተመታ ማኅተም አይቼ አላውቅም።»

«ጋሼ፣ አሁን ልገድልዎ ነበር እኮ» አለ አጥናፉ። «ጥላ መስለውኝ ነበር። አይታየኝም። ስሜን ከሹፌር ላይ ይሰርዙት።» ይኼን ብሎ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ለራሱ አይደለም፣ በሯ ላይ ቆማ ክላክስ ለምትጠብቀው ልጁ።

ጋሽ ኃይለገብርኤል አንዴ የመኪናዋን አፍንጫ፣ አንዴ አጥናፉን፣ አንዴ ጃንጥላቸውን አዩ።  ከዚያ ከሕይወታቸው ይልቅ የከነከናቸውን ነገር ተናገሩ።

«ስምንት ማኅተም!» አሉ ዝርዝሩን እያርገበገቡ። «ስምንት ማኅተም ነው ያስመታሁበት! እንደገና ከሀ?»

እንደገና ከሀ ጀመሩት። ሹፌር ሆኖ የተጻፈው ጉተማ ነው። ጉተማን መሪ ያስያዘው አጥናፉ ራሱ ነው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮም ሰድቦት ጠግቦ አያውቅም። «ጉተማ ማርሽ ሲቀይር እኮ ሰፈሩ ይነቃል» ይላል። ጉተማ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላ ነው። አጥናፉን የበለጠ ያናደደው ይኼ የተሟላ መሆኑ ነው።

«እኔ አልሄድም» አላት አጥናፉ ሙሉመቤትን፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ። «ነድቼ እመጣለሁ ያልኳትን ልጅ ተጭኜ አልሄድባትም።»

«ልጅህን ልትድር ነው ወይስ መሪ ልታገባ?» አለችው።  ሁለት ቀን እንዲህ ኮርፎ ተኛ፣ መነጽሩ ደርሶለት እንኳ ከነማኅደሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

በሦስተኛው ቀን ጉተማ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆመ።

«ጋሽ አጥናፉ፣ እኔም አልነዳም፤ ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

አጥናፉ ከግድግዳው ዞረ። «ደግሞ አንተ ምን ሆንኩ ትላለህ?»

«የኛ መኪና መሪዋ በግራ ነው። እዚያ ደግሞ መንገዱ በግራ ነው። ከፊቴ ከባድ መኪና ሲጋረጥብኝ፣ ከፊት የሚመጣውን እኔ ካለሁበት አላየውም። ምኑን አይቼ ነው ደርቤ የማልፈው? ቀኝ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ግባ፣ አትግባ የሚለኝ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ እኔ የአሥር ሰው ነፍስ ይዤ አልወጣም። ቀኝ መስኮቱ ጋ ደግሞ ያለው በርበሬ ነው።»

አጥናፉ ቀና ብሎ ተቀመጠ። አሰበ። ከማኅደሩ መነጽሩን አውጥቶ ዓይኑ ላይ አደረገና ጉተማን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አንተ ልጅ፣ ሸብተሃል እንዴ?» አለ።

በርበሬው ጣራ ላይ ወጣ፣ አጥናፉ በበርበሬው ቦታ ገባ። ከመሃል፣ በሁለቱ መካከል፣ ጋሽ ኃይለገብርኤል ክላሴራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ገና ቃሊቲን ሳያልፉ አጥናፉ ታፔላ ማንበብ ጀመረ። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅማ! «ፍጥነት ሠላሳ! ጉተማ፣ ሠላሳ ይላል! የከብት መሻገሪያ! ጎማ ይጠገናል! ትኩስ ምግብ አለን!» ሐዋሳ ሲደርሱ ከኋላ ያሉት ዘጠኙ መነጽሩን እንስረቀው ብለው ተማከሩ። ሙሉመቤት ናት የከለከለቻቸው።

ሞያሌ ላይ የወዲያኛው ፖሊስ ወረቀት በወረቀት አያቸው። ቢጫውን ካርድ፣ ሌላኛውን ቢጫ ካርድ፣ ዝርዝሩን። ወንበር ቆጠረ፣ ሰው ቆጠረ። በመጨረሻ ሦስት ማዕዘኑን አሳዩኝ አለ። ጋሽ ኃይለገብርኤል እንባቸው መጣ። አንድ ሰው እስኪጠይቃቸው ነበር የሚጠብቁት፣ ሮጠው አውጥተው አስፋልቱ ላይ ተክለው አሳዩት። ባይያዙ ኖሮ ፖሊሱን ሊስሙት ነበር።

ከድንበሩ ወዲያ ሁሉ ነገር ተገለበጠ። ጉተማ ግራውን ይዞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ በአቧራማው መንገድ ላይ ከባድ መኪና በከባድ መኪና ተከትሎ ሲነዳ፣ ከፊቱ የሚታየው የመኪና ቂጥ ብቻ ነው። አጥናፉ ግን በቀኙ መስኮት ሁሉንም ያያል። ሁለት ቀን ሙሉ ድምፁ አልተቋረጠም። «ቆይ… ቆይ… አውቶብስ አለ፣ እንዳትንቀሳቀስ… አሁን! ግባ! ጨምር! እሰይ የኔ ልጅ፣ ተመለስ!» ጉተማ አንድም ጊዜ አልተጠራጠረም፣ ግባ ሲለው ይገባል፣ ቆይ ሲለው ይቆያል። አጥናፉም ጉተማን ሰድቦ የማያውቅ ሰው ሆኖ ነበር፣ ከማርሹ ጉዳይ በስተቀር።

ናይሮቢ የገቡት ድንበሩን በተሻገሩ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ራሄል የነገረቻቸው መንገድ ውስጥ ቀስ እያሉ ሲገቡ፣ ገና ከሩቅ አጥናፉ ቀዩን በር አየ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። ትንሽ ወፈር ብላለች፣ ፀጉሯን ተቆርጣለች። እናቷ እንኳ ሳትለያት እሱ ለያት። ታፔላ ማንበቡ ቆመ። በሠላሳ ሰባት ዓመት ውስጥ በየቀኑ የሰማትን፣ ራሱ ግን አንድም ቀን ብሏት የማያውቀውን ቃል አወጣት።

«ወራጅ አለ!»

ሚኒባሷ በሳቅ ተናጋች። ጉተማ በሩ ላይ አቆመ። አጥናፉ በጋሽ ኃይለገብርኤል ጭን ላይ ተንጠራርቶ፣ ክላሴራቸውን ጨፍልቆ፣ ክላክሱን ተጫነው። አልለቀቀውም። መንደሩ ሁሉ ወጣ።

ራሄል ስምንት ዓመት ሹፌር ሁሉ በቀኝ በሚቀመጥበት አገር ኖራለች። አላሰበችም፣ አላየችም፣ እያለቀሰች ወደ ቀኙ በር ሮጠች። መስኮቱ ላይ ያባቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው።

«አባዬ! ነድተህ መጣህ! እንዳልከኝ ነድተህ መጣህ!»

አጥናፉ አፉን ከፈተ። ከኋላ ዘጠኙም አንገታቸውን አሰገጉ።

«አይ ልጄ፣ እኔማ…»

«እሳቸው ናቸው የነዱት» አለ ጉተማ ከወዲያኛው በር። እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «እኔ መሪውን ብቻ ነው የያዝኩት።»

ጋሽ ኃይለገብርኤል «ሹፌር፣ ጉተማ» የሚለውን፣ ስምንት ማኅተም ያረፈበትን የተሳፋሪ ዝርዝር ከክላሴሩ አወጡ፣ አራት ቦታ አጠፉትና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።